ስተዲ ፐርሚት ሊያበቃ ሲል፦ እዚያው ሆኖ ማራዘም፣ መጥቶ መመለስ ወይስ ከአዲስ አበባ እንደገና ማመልከት?

ታናሽ ወንድሜ የሚማረው ካናዳ፣ ዊኒፔግ ነው። አምና ሚያዝያ ላይ እናታችን አራት ኪሎ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ቡና እያፈላች "ለፍልሰታ ይምጣልኝ፤ ሦስት ዓመት ሞላው እኮ" አለችኝ። ማታውኑ ደወልኩለት። ዊኒፔግ በዚያ ወቅት ከኛ ስምንት ሰዓት ወደኋላ ነው፤ እሱ ገና ምሳውን እየበላ ነበር። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ዝም አለ። ከዚያ "የመማሪያ ፈቃዴ፣ ስተዲ ፐርሚቴ፣ ኦገስት 31 ያበቃል። ፓስፖርቴም እንደዚያው። መጥቼ እዚያው ላሳድሰው ይሆን?" አለኝ።

ይህች ጥያቄ ቤታችንን ለሁለት ከፈለችው። አጎቴ "ይምጣ፣ እዚህ ሰው አለን፣ ይጨርሱለታል" አለ። ቶሮንቶ የተማረው የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ "እንዳትሞክሩት!" ብሎ ደነገጠ። እኔ በሰው ወሬ የወንድሜን ትምህርት አደጋ ላይ መጣል ስላልፈለግኩ የካናዳ ኢሚግሬሽን ያወጣውን መመሪያ ማታ ማታ እየተቀመጥኩ አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ጥያቄ ያነሱልኝ ወላጆችና ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ለሁሉም በስልክ ከማስረዳ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ፐርሚትና ቪዛ ይለዩ

እዚህ አዲስ አበባ ሁሉንም "ቪዛው" ብለን ነው የምንጠራው። ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። ቪዛ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው ነው፤ ሥራው ድንበር ላይ ማስገባት ብቻ ነው። ስተዲ ፐርሚት ራሱን የቻለ ወረቀት ነው፤ ካናዳ ውስጥ ተቀምጦ መማር የሚቻለው በእሱ ነው።

ልጁ ካናዳ ውስጥ እያለ ቪዛው ቢያልፍበት ምንም አይሆንም። ፐርሚቱ ካለፈ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ሌላም አለ። ፐርሚቱ ገና ሁለት ዓመት ቢቀረውም ቪዛው ካለፈ፣ አዲስ አበባ መጥቶ ሲመለስ ቦሌ ላይ አያሳፍሩትም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ካናዳ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ፐርሚት ሲራዘም ደግሞ ቪዛው አብሮ አይታደስም። ለብቻው ይጠየቃል፣ ለብቻው ይከፈልበታል። ይህን ሳያውቁ ለሠርግ መጥተው የቀሩ ልጆች ታሪክ በየሰፈሩ አለ።

ቀኑንም ተጠንቀቁ። ፐርሚቱ ላይ ያለው ቀን በፈረንጆች ነው። ኦገስት 31 ማለት በእኛ ነሐሴ 25 ነው። እናቴ "ኦገስት" ሲባል ሰምታ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ጊዜ ያለ መስሏት ነበር። አምስት ቀን ቀላል አይደለም። በዚህ ጉዳይ አንድ ቀን ማሳለፍና ሳያሳልፉ መቅረት ሰማይና ምድር ነው።

እኔ የምመዝንበት ጥያቄ

ሰው ምርጫውን የሚያወዳድረው በዋጋና በፍጥነት ነው። እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ እምቢ ቢባልስ፣ ልጁ ያንን መልስ የሚሰማው የት ሆኖ ነው? ካናዳ ውስጥ ሆኖ ከሆነ ገና የሚሞክረው ነገር አለው። አዲስ አበባ ሆኖ ከሆነ፣ የአንድ ዓመት ትምህርት፣ የተከራየው ክፍል፣ የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ከውቅያኖስ ማዶ ይቀራል። መንገዶቹን ሁሉ በዚህ ጥያቄ እያየሁ ነው የማወዳድራቸው።

እዚያው ሆኖ ማራዘም

ትምህርቱን ላልጨረሰ ተማሪ የመጀመሪያ ምርጫው ይህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው። ክፍያው 150 የካናዳ ዶላር ነው። የካናዳ ኢሚግሬሽን ፐርሚቱ ከማብቃቱ ቢያንስ 30 ቀን በፊት እንዲገባ ይመክራል። እኔ ግን ሦስት ወር ሲቀረው ሰነድ መሰብሰብ ይጀመር እላለሁ። የትምህርት ቤት ደብዳቤ በራሱ ቀናት ይወስዳል፤ ከዚህ የሚላክ የቤተሰብ ሰነድ ደግሞ ከዚያም በላይ።

የሚቀርበው ነገር አያስደነግጥም። የፓስፖርቱ ቅጂ፣ ያለው ፐርሚት፣ ትምህርት ቤቱ "ተማሪያችን ነው" ብሎ የሚሰጠው ደብዳቤ፣ የውጤት ወረቀት፣ የቀረውን ክፍያና ኑሮ የሚሸፍን ገንዘብ ማስረጃ፣ ለምን ማራዘም እንደፈለገ የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ። አንድ ኮርስ ጥሎ ወይም ሴሚስተር አቋርጦ ከሆነ እዚያ ደብዳቤ ላይ በግልጽ ይጻፈው። የውጤት ወረቀቱ እንደሆነ ማሳየቱ አይቀርም።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም የመቆያ መብቱ ነው። ፐርሚቱ ሳያበቃ ካመለከተ፣ ቀኑ ቢያልፍም ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ በነበረው ሁኔታ እዚያው መቆየትና መማር ይችላል። ከግቢ ውጭ በሳምንት እስከ 24 ሰዓት የመሥራት መብት ካለውም አብሮ ይቀጥላል። ሁለተኛው ጥቅም በ2024 ከመጣው ገደብ ጋር የተያያዘ ነው። ካናዳ የተማሪ ቁጥር ስትቀንስ "ፓል" የሚባል የግዛቱን ማረጋገጫ ደብዳቤ መጠየቅ ጀመረች። ካናዳ ውስጥ ሆኖ፣ በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያው የትምህርት ደረጃ የሚያራዝም ተማሪ ግን ይህን አይጠየቅም። ከኮሌጅ ወደ ሌላ ኮሌጅ የሚዘዋወር ከሆነ ጉዳዩ ይለወጣል። ከኖቬምበር 8 ቀን 2024 ጀምሮ ትምህርት ቤት መቀየር ራሱ አዲስ ፐርሚት ይፈልጋል።

ጉዳቱስ? መጠበቁ ነው። እናት ደግሞ መጠበቅ ይከብዳታል። ማመልከቻው ገብቶ ሳይወሰን ልጁ ከካናዳ ከወጣ፣ ውሳኔ ሳይመጣ የመማርና የመሥራት መብቱን ያጣል። ቪዛ ኖሮት ቢመለስ እንኳ በጎብኚነት ሊገባ ይችላል እንጂ ፐርሚቱ እስኪፈቀድ ክፍል መግባት አይችልም። ስለዚህ በዚያ መሀል "ለሁለት ሳምንት ብቅ በል" ማለት ጥሩ ሐሳብ አይደለም። እኔም ለእናቴ ይህን ስነግራት አልቅሳለች። እኔም ከፍቶኝ ነበር።

ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። ለመሥራት የሚያስፈልገው፣ በ9 የሚጀምረው የማኅበራዊ መድን ቁጥሩ ከፐርሚቱ ጋር አብሮ ያበቃል፤ ለአሠሪው ማመልከቻ ማስገባቱን የሚያሳይ ወረቀት ይስጠው። የጤና ካርድ ከፐርሚቱ ቀን ጋር የተያያዘባቸው ግዛቶችም አሉ። ኬቤክ የሚማር ከሆነ ደግሞ ግዛቱ የራሱ የመቀበያ ሰርተፊኬት ስላለው መጀመሪያ እሱን ያራዝም።

አራዝሞ፣ ቪዛ ይዞ መምጣት

እኛ በመጨረሻ የመረጥነው ይህን ነው። ከላይ ካለው መንገድ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚጨምረው። አዲሱ ፐርሚት እጁ ሲገባ፣ እዚያው ካናዳ ሆኖ ቪዛ ይጠይቃል። እሱም በኢንተርኔት ነው፤ 100 የካናዳ ዶላር ይከፈላል፤ ሲፈቀድ ፓስፖርቱን ይልክና ቪዛው ተለጥፎ ይመለስለታል። የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

አንዳንዱ "ቪዛውን እዚሁ አዲስ አበባ ይጠይቃል፣ ምን ችግር አለው?" ይላል። ይቻላል። ፐርሚቱ የጸና ስለሆነ ጉዳዩም ከአዲስ አመልካች ይቀላል። ግን ያችን ጥያቄዬን አስታውሱ። ፓስፖርቱ ማመልከቻ ማዕከል ውስጥ ቆይቶ መስከረም ቢጠባስ? የካናዳ የትምህርት ዓመት የሚጀምረው ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ ስንዘጋጅ ነው። ቪዛ ከዚህ ማስመታት የግድ ከሆነ ክረምቱ ሲገባ እንጂ ነሐሴ አጋማሽ ላይ አይደለም የሚመጣው። አሻራ በ10 ዓመት አንዴ ስለሆነ ከአራት ዓመት በፊት የሰጠ ተማሪ እንደገና አይጠየቅም፤ የአሻራው 85 የካናዳ ዶላርም ይቀርለታል።

ከአዲስ አበባ እንደ አዲስ ማመልከት

አጎቴ ይዞት የነበረው ሐሳብ ይህ ነው፦ ፐርሚቱ ያብቃ፣ ልጁ ይምጣ፣ ከዚህ ሁሉም ነገር ይጀመር። ጥሩ ጎን የለውም አልልም። ከውጭ ሆኖ የሚያመለክት ተማሪ ፐርሚቱ ሲፈቀድ ቪዛውም አብሮ ይመጣለታል፤ ለብቻው 100 ዶላር አይከፍልም። ፓስፖርቱንም እዚሁ ያድሳል። ክረምቱን ሙሉ ከቤተሰቡ ጋር ነው። አንድ ዓመት እረፍት መውሰድ የፈለገ፣ የታመመ፣ ወይም ትምህርት ቤቱንና ደረጃውን ለመቀየር የወሰነ ተማሪ በእርግጥ ይህ መንገድ ሊሻለው ይችላል። በተለይ ከባችለር ወደ ማስተርስ የሚሸጋገርና መካከል ላይ ሰፊ ጊዜ ያለው ሰው።

ትምህርቱ መሀል ላይ ላለ ልጅ ግን እኔ አልመክርም። ከውጭ ሲያመለክት የማራዘሚያው ቅጽ አይሠራለትም። እንደ ማንኛውም አዲስ አመልካች ነው የሚታየው። ጉዳዩን የሚወስነው የኢሚግሬሽን መኮንን ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን፣ ወደ አገሩ የመመለስ ፍላጎቱን፣ ሁሉንም ከዜሮ ይመዝናል። ፓሉም ሊጠየቅ ይችላል። ቢፈቀድለት እንኳ እዚህ የሚያገኘው የመግቢያ ደብዳቤና ቪዛ ነው፤ ፐርሚቱ የሚታተመው ካናዳ ሲደርስ አየር ማረፊያው ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ገንዘቡ አለ። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከኬቤክ ውጭ ለሚማር፣ ቤተሰብ ሳያስከትል ብቻውን ለሚሄድ አዲስ አመልካች የሚጠየቀው የኑሮ ገንዘብ 22,895 የካናዳ ዶላር ነው። የትምህርት ክፍያና ትኬት ሳይጨምር። እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ 10,000 ነበር። በእኛ በኩል ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። አስቡት፤ አባቴ ልጁን ሲልክ ባንክ ያሳየው አንድ ሚሊዮን ብር በፊት 17,500 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። ያው ብር በ100 ሂሳብ 10,000 ብቻ ነው። አባቴ ደካማ አልሆነም፤ ሱቁም አልተዘጋም። ግን ወረቀቱ ላይ ሌላ ሰው ይመስላል። ካናዳ ውስጥ ሆኖ የሚያራዝም ልጅ ግን እዚያው ባንክ ያስቀመጠውን ዶላርና የከፈለውን የትምህርት ክፍያ ደረሰኝ ማሳየት ይችላል። ለኛ ቤት ሚዛኑን የደፋው ይህ ነው።

ቤተሰብ ገንዘብ ሲያሳይ

በየትኛውም መንገድ ቢሆን ከዚህ የሚላክ ሰነድ አለ። የባንክ ስቴትመንቱ የወራት እንቅስቃሴ ያሳይ። አንድ ቀን ድንገት የገባ ትልቅ ብር ጥያቄ ያስነሳል። እኛ ጋ እናቴ የእቁብ ዕጣ ወጥቶላት ብሩን አካውንት ውስጥ አስገብታው ነበር። እቁብን የማያውቅ መኮንን ሲያየው የተበደሩት ይመስለዋል። ስለዚህ እቁቡ ምን እንደሆነ፣ በየሳምንቱ ስንት እንደጣለች፣ መቼ እንደወጣላት አንድ ገጽ ጻፍን፤ የእቁቡ ሰብሳቢም ፈረመበት። በአማርኛ ያለው ንግድ ፈቃድና የግብር ወረቀት ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ የተርጓሚው ማረጋገጫ ተያይዞ ነው የሚላከው። የአባቴን የስፖንሰርነት ቃል ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን አስመዘገብነው። ማልደው ከሄዱ ከሰዓት በፊት ያልቃል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። "ፕሮሰስ እናደርጋለን" የሚል አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰውዬው ስቴትመንቱን አገላብጦ "ይቺ አትበቃም፣ እኛ እናስተካክላታለን" አለኝ። ዋጋውንም ነገረኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ካናዳ በሐሰተኛ ሰነድ የያዘችውን ሰው ለአምስት ዓመት ትከለክለዋለች። ክልከላው የሚያርፈው ቢሮው ላይ አይደለም፤ ልጁ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሌሊት እያነበበ የተማረ ልጅ ላይ! ገንዘብ ተቀብሎ በካናዳ ኢሚግሬሽን ጉዳይ መወከል የሚችለው የካናዳ ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው የሕግ ረዳት (ፓራሊጋል)፣ የኬቤክ ኖታሪ ወይም በካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ ብቻ ነው። አማካሪ ነኝ ካለ ስሙን ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ከሌለ አትክፈሉት። ደግሞም ማራዘሚያን ተማሪው ራሱ ሊሞላው ይችላል። የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮም በነፃ ይረዳል።

ቀኑ ካለፈስ?

ይህን እንደ ምርጫ አልቆጥረውም፤ ግን የሚደርስበት ሰው አለ። ፐርሚቱ ካለፈ በ90 ቀን ውስጥ መብቱ እንዲመለስለት እዚያው ሆኖ ማመልከት ይችላል። ከፐርሚቱ ክፍያ ጋር ወደ 400 የካናዳ ዶላር ይጠጋል። መልሱ እስኪመጣ መማርም መሥራትም አይፈቀድለትም። ውሳኔውም በመኮንኑ እጅ ነው። ማራዘሚያው እምቢ የተባለበት ተማሪም ያቺ የ90 ቀን ዕድል አለችው። እዚያው ሆኖ ማመልከት ይሻላል ያልኩት በዚህም ምክንያት ነው። ፐርሚቱ ያለፈበት ልጅ አፍሮ ከቤተሰብ ሊደብቅ ይችላል። አትቆጡት። ስንት ቀን እንደቀረው ጠይቁትና በዚያው ቀን ወረቀቱን ይጀምር።

ትምህርቱን ጨርሶ ለሚወጣ ደግሞ ማራዘም ትክክለኛው በር ላይሆን ይችላል። የመጨረሻ ውጤቱ ከተሰጠ በኋላ በ180 ቀን ውስጥ የድኅረ ምረቃ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፤ በዕድሜ አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስተዲ ፐርሚቱ ላይ የተጻፈው ቀን ቢርቅም ትምህርቱ ካለቀ ከ90 ቀን በኋላ ዋጋ እንደማይኖረው ልብ በሉ። ለዚህ ፈቃድ አሁን የቋንቋ ፈተናና ለአንዳንዶች የትምህርት ዘርፍ መስፈርት ስላለ ፈተናውን ከምረቃ በፊት ቢወስድ ይሻላል።

እኛ ቤት የሆነው

ከሁሉ አስቀድሞ ፓስፖርቱ ታደሰ። ፐርሚት ከፓስፖርት ቀን አያልፍም። የወንድሜ ትምህርት አራት ዓመት ሆኖ ሳለ ፐርሚቱ ሦስት ዓመት ብቻ የተሰጠው ፓስፖርቱ ያኔ ስለሚያበቃ ነበር፤ ይህን ስንልከው አላየንም። በአሮጌው ፓስፖርት ቢያራዝም ኖሮ ምንም አይጨመርለትም። ኦታዋ ባለው ኤምባሲያችን በኩል አሳደሰ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የማራዘሚያውን ማመልከቻ አስገባ። ለፍልሰታ አልመጣም። ነሐሴ 25 አለፈ፣ እሱ ግን ማመልከቻው ስለገባ ክፍሉን ቀጠለ። ፐርሚቱ ጥቅምት ላይ መጣ። ወዲያው ቪዛውን ጠየቀ።

የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። ለገና አልደረሰም፤ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ክፍል ነበረው። ግን ታኅሣሥ 19 ከእናቴ ጋር ግቢ ገብርኤል ቆሞ አስቀደሰ። ሲመለስ በእጅ ሻንጣው አዲሱን ፐርሚት፣ ትምህርት ቤቱ የዚያን ሳምንት የላከለትን የተማሪነት ደብዳቤና የክፍያ ደረሰኙን ያዘ። ቶሮንቶ አየር ማረፊያ ላይ መኮንኗ ሦስቱንም ጠይቃዋለች። በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬው ጋር አድርጎት ቢሆን ኖሮ እዚያ ቆሞ ሊያወጣው አይችልም ነበር።